የጓሮ አትክልትን ከውርጭ ለማዳን ማገዶ ያስፈልጋልን?

ከደባርቅ ካፖርቱን ለብሶ የተነሣ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ድብ ባሕር ሲደርስ ካፖርቱን ማውለቁ አይቀርም። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተጠረገው ይህ መንገድ ሰውን ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር በአጭር ጊዜ ያሻግራል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ ድብ ባሕር ከገደሉ በታች ናት። በጠቅላላው አንድ ሺህ ሜትር በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ቲማቲም ለመትከል የታችኛው ሰው ይቀናዋል፤ ከላይ ተመድቦ የሚሠራው ወጣት መምህር ወይም ጸሐፊ ግን ከቆላው የመጣውን፣ ዳገት ሲወጣ የተጨፈለቀውን ይገዛል።

ይህ ወጣት በጓሮው እንጨት አቁሞ፣ ፕላስቲክ አልብሶ፣ ግሪን ሃውስ የሚሏትን ትንሽ የአትክልት ቤት ለመሥራት ያስብ ይሆናል። ማቆሙ ቀላል ነው፤ የሚያሳስበው ሌሊት ማሞቁ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍትን ቢገልጥ ስለ ጋዝና ስለ ኤሌክትሪክ ምድጃ ያነባል። እነዚያ መጻሕፍት ግን በብርድ ወራት ፀሐይ ለምትደክምበት አገር የተጻፉ ናቸው። የእነርሱን «ዊንተር» ክረምት ብለን ስንተረጉም አሳቡም አብሮ ይሳሳታል። የእኛ ክረምት ደመና ምድርን እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍንበት ወራት ነው። ውርጭ አትክልትን የሚመታው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማይ ጠርቶ ከዋክብት በሚደምቁበት በበጋ ሌሊት ነው። በዚያው ወራት ቀኑ ፀሐይ ነው። ከሁሉ ባጠረው የታኅሣሥ ቀን እንኳ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በላይ ትቆያለች፤ በቀትርም በደቡብ በኩል ከ50 ዲግሪ በላይ ከፍ ትላለች። እንግዲህ የደጋው ችግር ሙቀት ማጣት ሳይሆን፣ ቀን የተገኘውን እስከ ንጋት ማቆየት አለመቻል ነው።

ሙቀትን ለማቆየት ከውሃ የረከሰ ነገር አይገኝም። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ጥቁር ቀብቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ሥፍራ ማቆም ነው። ውሃው ቀን እስከ 25 ዲግሪ ሞቆ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ፣ አንዱ ጀሪካን 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ለቤቲቱ ይለቃል። አሥሩ 3,000 ይሰጣሉ፤ ይህም አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ከሚሰጠው ብዙ የሚያንስ አይደለም። እንጨቱ ግን ወዲያው ነዶ ዐመድ ይሆናል፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቃል፤ በማግሥቱም ያለ ዋጋ እንደገና ይሞቃል።

የሰሜኑን ጎን ፕላስቲክ ማልበስ ከንቱ ወጪ ነው፤ በዚያ ወራት ፀሐይ ከዚያ በኩል አትመጣምና። በድንጋይና በጭቃ ወፍራም ግድግዳ መሥራት ይሻላል። የሰሜን ቻይና ገበሬዎች ከእኛ እጅግ በበረታ ብርድ ውስጥ አትክልት የሚያመርቱት እንዲህ ባለ ግድግዳ ነው። የደቡቡንም ፕላስቲክ ማታ ማታ በገለባ ምንጣፍ ይሸፍኑታል። ለእኛ ሰሌን ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃናል። ፀሐይ ሳትጠልቅ 11 ሰዓት ገደማ ማልበስ፣ ጧት ፀሐይ ስትመታው መግለጥ ነው። ለዚህ የሚሰንፍ ሰው ቤቲቱን ባይሠራት ይሻለዋል። ሥፍራውም ጎድጓዳ አይሁን፤ የሌሊት ብርድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳልና።

ከሰል በምድጃ አቀጣጥሎ ማስገባት የሚመክሩ አሉ፤ ክፉ ምክር ነው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ሽታው ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። የማገዶውም ነገር አለ። በደጋው የሚነደው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ የሚመጣ ነው። ወጥ የሚሠራበትን እንጨት ለቲማቲም የሚያነድ ባለ ደመወዝ የሚሻማው ከጎረቤቱ ጉልቻ ነው።

ተጨማሪ ሙቀት ያስፈለገው ሰው ወደ ፋንድያ ይመለስ። የፓሪስ አትክልተኞች በ19ኛው መቶ ዓመት ከተማቸውን በብርድ ወራት ሰላጣ ያበሉት በፈረስ ፋንድያ ነበር። ትኩስ ፋንድያ ከገለባ ጋር ቀላቅሎ ግማሽ ሜትር ያህል መከመር፣ ረገጥ ማድረግ፣ የመጀመሪያው ግለት እስኪበርድ ጥቂት ቀን መታገሥ፣ ከዚያ በላዩ አንድ ስንዝር ዐፈር አልብሶ ችግኝ ማፍላት ነው። ሙቀቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ በኋላም ማዳበሪያ ይሆናል።

ለጎመን፣ ለካሮትና ለነጭ ሽንኩርት ይህ ሁሉ ድካም አያሻም፤ ብርዱን ይችሉታል። ቤቲቱ ለቲማቲምና ለቃሪያ ትተው። በቀትር ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ በሩ ካልተከፈተ ሙቀቱ ከልክ አልፎ አበባው ይረግፋል። ስለዚህ 4 ሰዓት ገደማ ከፍቶ፣ 9 ሰዓት ላይ መዝጋት ነው። በተዘጋ ቤት ነፋስ ስለሌለም፣ በሩን ለመክፈት የገባ ሰው ያበበውን ግንድ በጣቱ ነካ ነካ ቢያደርገው ፍሬ ይይዛል።