ያገለገለ የክብር አውቶሞቢል ስለ መግዛት

ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ ከሚፈጽማቸው ግዢዎች መካከል እንደ አውቶሞቢል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። እንዲህም ሆኖ ለአንድ ካፖርት ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው፥ ለአውቶሞቢል ሲሆን ጥቁሩን ቀለምና በኮፋኖው ጫፍ ላይ የቆመችውን ኮከብ አይቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀብድ ሲከፍል ይታያል። በተለይም አውቶሞቢሉ በአንድ ዘመን ሚኒስትሮችና አምባሳደሮች ይቀመጡበት ከነበረው ወገን የሆነ እንደ ሆነ፥ ልብ አስቀድሞ ይገዛና ኪስ በኋላ ሲከፍል ይኖራል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ዓይነት አውቶሞቢል ነው፤ ይኸውም በአዲስነቱ እጅግ ውድ ስለ ነበረና አሁን በዕድሜው ምክንያት ለመካከለኛ ኑሮ ሰው የቀረበ ስለሚመስል መኪና ነው።

ነገሩ በአገራችን ልዩ መልክ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ አገር በሚመጡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ፥ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጠ። ስለዚህ የቆየ የክብር አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ቀድሞውኑ በአገር ውስጥ ካሉት ጥቂቶች ነው። ቁጥራቸው አይጨምርም፤ ዋጋቸውም በሌላው አገር እንደሚሆነው ሁሉ በየዓመቱ እየወረደ አይሄድም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ አፉን ሞልቶ ይጠራል። ገዢው ከተሳሳተም ስሕተቱ ርካሽ ስሕተት አይሆንለትም።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንድ ዓይነት መርጠን እንመልከት። የመርሴዲስ ቤንዝ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ ያቀረበው፥ በፋብሪካ ቁጥሩ 126 ተብሎ የሚታወቀው ትልቁ ሴዳን ነው (ከዚህ በታችም የመኪናዎቹን ዘመን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቅርጹ በጣሊያን አገር በተወለደው በብሩኖ ሳኮ መሪነት የተነደፈ ሲሆን፥ በጀርመን አገር እስከ 1991 ድረስ ከ800,000 በላይ ሴዳኖች ተሠርተዋል። የአየር ከረጢትን ከደኅንነት ቀበቶ ማጥበቂያ ጋር አጣምሮ በ1981 ለገዢ ያቀረበ መኪና ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በሩ ሲዘጋ የሚሰጠውን ድምፅ የሰማ ሰው፥ ለምን በዚህ መኪና ብዙ ቤተሰብ ሰላሙን እንዳጣ ይገባዋል።

126 በልዩ ልዩ ሞተር ተሠርቷል። ባለ ስድስት ሲሊንደሮቹ 280 ኤስ ኢ፥ ከ1985 ጀምሮም 260 ኤስ ኢና 300 ኤስ ኢ ሲሆኑ፥ ባለ ስምንቶቹ 380፥ 420፥ 500 እና 560 ናቸው። በስሙ መጨረሻ ‹ኤል› የምትባል ፊደል የተጨመረችበት እንደ ሆነ የመኪናው ርዝመት በ14 ሳንቲሜትር ይበልጣል፤ ይህም ለኋላ ተቀማጭ እግር የተሰጠ ስፋት ነው። ገበያው የሚያነግሠው 560 ኤስ ኢ ኤልን ነው። በእኔ ፍርድ ግን ራሱ የሚነዳና ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው 300 ኤስ ኢን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሞተሩ ከታናሽ ወንድሙ ከ300 ኢ ሞተር ጋር አንድ ወገን ስለ ሆነ መለዋወጫው ከሁለት በኩል ይፈለጋል። ኮፋኖው ሲከፈት በሞተሩ ዙሪያ የመካኒክ እጅ የሚገባበት ስፍራ አለ። በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎሜትር ከ13 ሊትር የማያንስ ቤንዚን ይጠጣል፤ ይህ ራሱ ትንሽ አይደለም፤ 560 ግን 17 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የነዳጅ ጋኑ 90 ሊትር የሚይዝ መሆኑን አስታውሶ፥ አንድ ጊዜ ሞልቶ የሚከፍለውን ዋጋ በወረቀት ላይ ያልጻፈ ገዢ ገና አላሰበም ማለት ነው።

ባለ ስምንት ሲሊንደሮቹ ሌላም ምሥጢር አላቸው። የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ካቴና፥ ማለት ውስጣዊው ሰንሰለት፥ የሚንሸራተተው በፕላስቲክ መሪዎች ላይ ነው። ፕላስቲኩ በብዙ ዓመት ሙቀት ይደርቅና ይሰበራል፤ ስብርባሪውም ካቴናውን ከጥርሱ ያዘለለው እንደ ሆነ ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ጠዋት ሲነሣ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰኮንድ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ስምንት ሲሊንደር የዚህን አደጋ ወሬ እየነገረ ነው። ካቴናውና መሪዎቹ መቼ እንደ ተለወጡ ሻጩ በደረሰኝ ሊያሳይ ካልቻለ፥ ገዢው እንዳልተለወጡ ቈጥሮ ዋጋውን ከጠቅላላው ይቀንስ።

በደጋ አገር የሚኖር ገዢ ደግሞ የጀርመን መጽሔቶች የማያነሡትን አንድ ነገር መጨመር አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ፥ አስመራም በ2,300 ሜትር ገደማ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። አየሩ ስስ በመሆኑ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አምስተኛውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ለመግዛት ገንዘብ መጨመር በከፊል የሌለውን መግዛት ነው። ከዚህም የሚበልጠው የውሃው ጉዳይ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፋብሪካው የራዲያተሩን ውሃ በግፊት ዘግቶ እንዳይፈላ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የክዳኑ ጎማ ካረጀ፥ ወይም የራዲያተሩ የፕላስቲክ አንገት ከተሰነጠቀ፥ ግፊቱ ይጠፋና ሞተሩ በእንጦጦ ዳገት ላይ ይፈላል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከተጣመመ የጓርኒሲዮኑ ነገር መጨረሻ የለውም። ከአንድ ክዳን የተነሣ ሞተር ይሞታል።

በመሥሪያ ቤታችን አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ሰው የደረሰበትን ብናገር አይቀየመኝም፤ እርሱ ራሱ ለሁሉ ይናገረዋልና። ከዕቁብ የወጣለትን ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ካስቀመጠው ጋር ደምሮ፥ ከኋላው 560 ኤስ ኢ ኤል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጥቁር መኪና ገዛ። ሦስተኛው ወር ላይ የውሃ ፓምፑ አፈሰሰ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከለት የ560 ፓምፕ አልገጥም አለ። ግራ ቢገባው መኪናውን አንድ የአስመራ ልጅ የሆኑ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰደው።

«ጋሼ፥ የተላከልኝ ዕቃ የተሳሳተ ይሆን?» አላቸው።

«ዕቃውስ ትክክል ነው፥ ልጄ። የተሳሳተው ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።»

የሻሲውን ቁጥር እያሳዩ አስረዱት። የዚህ መኪና ቁጥር ‹ደብሊዩ ዲ ቢ› ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በ126 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሦስት አኃዞች ዓይነቱን ይናገራሉ። 126039 የሆነ እንደ ሆነ 560 ኤስ ኢ ኤል፥ 126024 የሆነ እንደ ሆነ 300 ኤስ ኢ ነው። የእርሱ 126022 ይል ነበር፤ ይኸውም የመጀመሪያው ዘመን 280 ኤስ ኢ ነው። የኋላ በሮቹ አጭር መሆናቸውን እንኳ አላስተዋለም ነበር። 280 መጥፎ መኪና ሆኖ አይደለም፤ ለእርሱ ግን በ560 ዋጋ ተሸጦለታል። ፓምፑ እስኪፈለግ ውሃ እየጨመረ ሲነዳ ቴስታታው ተጣመመ። መኪናው በሸራ ተሸፍኖ ስምንት ወር በግቢው ቆመ፤ ትልቋ ልጁም በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት ለወጠች። ሻጩን ለመክሰስ ቢያስብ በውሉ ላይ የተጻፈው የሻሲው ትክክለኛ ቁጥር ስለ ነበረና ስለ 560 አንድ ቃል ስላልተጻፈበት፥ የሚይዘው ነገር አጣ።

ሽማግሌው መካኒክ በዚያ ቀን የነገሩንን የምርመራ ሥርዓት እኔም ለሌሎች ስነግር ቆይቻለሁ። (የመኪናን አካል ስም በአስመራም በአዲስ አበባም ከጣሊያን የወረስነው ስለ ሆነ፥ ቴስታታም ካምቢዮም ሲባል እኔና እርሳቸው አስተርጓሚ አላስፈለገንም።) መኪናው የሚታየው በማለዳ፥ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ገዢው ሲደርስ እጁን ኮፋኖው ላይ ያሳርፍ፤ ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና በሌላ ቀን ተመልሶ ይምጣ። ሲነሣ ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ የቫልቮቹ የዘይት መከላከያ ጎማ ማርጀቱን ያመለክታል፤ ይህ በአነስተኛ ወጪ የሚታደስ ነው። ነጭ ሆኖ የማይቆምና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ግን ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። የዘይቱ ክዳን ውስጥ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ከተገኘ ምርመራው በዚያው ያልቃል።

በክሩስኮቱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት አመልካች እስከ 3 ድረስ ይቈጥራል። ሞተሩ ሞቆ በቆመበት ዝቅ ቢል አያስደነግጥም፤ ነዳጅ መስጫው ጥቂት ሲረገጥ ግን መርፌው ወዲያው 3 ላይ መድረስ አለበት። አውቶማቲክ ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲገባ መኪናውን እንደ በቅሎ የሚያዘልለው ከሆነ፥ ወይም ዘይቱ ቀይነቱን ትቶ የተቃጠለ ሽታ ካለው፥ ከባድ ወጪ አለ። ሲነሣ ቢዘገይ ግን አይፈረድበት፤ ይህ ካምቢዮ በተለመደ አነዳድ የሚነሣው ከሁለተኛ ማርሽ ነውና። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ደኅናውን መኪና ደካማ ነው ብሎ ትቶታል።

ዝገትን በሚመለከት የደጋ መኪና ዕድለኛ ነው፤ በጅቡቲ ወይም በምጽዋ የጠረፍ ጨው ውስጥ የኖረ ግን ከላይ አብረቅርቆ ከውስጥ ያለቀ ሊሆን ይችላል። የክሪክ ማስገቢያዎቹን፥ የኋላውን መስታወት የታችኛውን ጠርዝና የፓራፋንጎዎቹን ከንፈር በማግኔት መፈተን ነው፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። የኪሎሜትር ቆጣሪውን አለማመን ይሻላል። ሻጩ ባያታልል እንኳ ውስጡ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብራ ለዓመታት ቆማ ልትሆን ትችላለች። በእርሱ ፈንታ የፍሬን መርገጫውን ጎማና የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ መመልከት ይበልጥ እውነት ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ግን የጋራዥ ደረሰኝ ነው። ሃያ ዓመት አንድ ሰው እጅ ኖሮ ደረሰኙ በካርቶን የተቀመጠለት ቀለሙ የደበዘዘ መኪና፥ ባለፈው ወር ቀለም ተቀብቶ ታሪኩ ከማይታወቀው በብዙ ይበልጣል።

ወረቀቱ ከብረቱ ያልተናነሰ ምርመራ ይፈልጋል። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር በሞተሩ ላይ ካለው ጋር መስማማት አለበት፤ የ300 ኤስ ኢ ሞተር ቁጥር በ103፥ የ560 በ117 ይጀምራልና ሞተር ተለውጦ እንደ ሆነ ከዚሁ ይታወቃል። ከኤምባሲ ወይም ከውጭ ድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዕዳና እገዳ እንዳለበትም ይጠየቅ። ሻጩ ነኝ ባዩ በውክልና ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ባለቤቱን በዐይን ማየት ተገቢ ነው። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ይጠየቃልና፥ ሕዝቡ ‹ውልና ማስረጃ› እያለ በሚጠራው መሥሪያ ቤት ውሉ ሳይፈረም ገንዘብ አይከፈል። በውሉም ላይ ከቁጥሩ ሌላ የመኪናው ዓይነትና የሞተሩ መጠን በፊደል ይጻፍ፤ የሥራ ጓደኛችንን የጎዳው የዚህ አንድ መስመር አለመኖር ነው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ እንናገር። ከ1991 እስከ 1998 የተሠራው የ126 ተተኪ፥ 140 የሚባለው፥ እጅግ የሚያምርና ጸጥ ያለ ነው፤ ሆኖም በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ በተሠሩት ላይ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ በሙቀት እየተፈረፈረ ባለቤቱን ያስለቅሳል። የእንግሊዞቹ ጃጓር ኤክስ ጄ 6 ለዐይን ወደር የለውም፤ በኋላ ፓራፋንጎዎቹ ውስጥ ያሉት ሁለት የነዳጅ ጋኖች ግን ከውስጥ ይዝጋሉ። በ1989 የወጣው ሌክሰስ ኤል ኤስ 400፥ ቺንጋው በጊዜው ከተለወጠለት ከሁሉ የሚታመን ነው፤ ኮከብ ስለሌለው ብቻ የሚንቁት አሉ። ምርጫው ላይ ከደረሰ እኔ አልንቀውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በእኔ አስተያየት ለዚህ ዓይነት መኪና ከተመደበው ገንዘብ ሲሶው በግዢው ቀን መነካት የለበትም። ይህን ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ቢወስኑት መልካም ነው፤ የቤቱን ወጪ የምታውቀው እመቤት ጋራዡ የሚጠይቀውን ገንዘብ ከየትኛው መደብ እንደሚቀነስ ከማንም በፊት ታያለችና። ያ ሲሶ በመጀመሪያው ሳምንት በሥራ ላይ ይውላል፦ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፥ አንቲፍሪዝ፥ ቴርሞስታት፥ የራዲያተር ክዳን፥ የውሃ ጎማዎች፥ ቺንጋዎች፥ የፍሬን ዘይት። ሲገዛ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ጎማም፥ ጥርሱ አዲስ ቢመስል እንኳ፥ ይለወጥ። የተሰነጠቀው የወንበር ቆዳና የማይወጣው የሬዲዮ አንቴና ለሚቀጥለው ዓመት ቢቆዩ መኪናው አይቀየምም።