የማዘጋጃ ቤቱ ልዩ ልዩ እጆችና የነጋዴው ደጃፍ

ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረት፣ በወሰንና በኮተቤ አልፎ ወደ ካራ የሚወጣው መንገድ አዲስ አበባን ከደብረ ብርሃንና ከደሴ ጋር የሚያገናኝ የንግድ በር ነው። ከሰሜን የሚመጣው እህልና ከብት በዚህ በኩል ይገባል፤ ከመሀል ከተማ የሚላከው ሸቀጥም በዚሁ ይወጣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚገኙት መደብሮች ገበያቸውን የሚያገኙት በደጃፋቸው ከሚያልፈው እግረኛና ተሽከርካሪ ስለሆነ፣ የመንገዱ አንድ ቀን መዘጋት ለባለሱቁ የአንድ ቀን ገበያ መቅረት ማለት ነው። የቤት ኪራዩ ግን በዚያም ቀን ይቈጠራል።

እንግዲህ በወሰን አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ፣ «ለዚህ ደጃፍ ኃላፊው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይሆንም። አስፋልቱና የጐርፍ መውረጃ ቦዩ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ከሥሩ የተቀበረው ቧንቧ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ከፊቱ የቆመው የመብራት ምሰሶ ግን ከከተማው አስተዳደር ሥር ሳይሆን ከፌዴራሉ መንግሥት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥር ነው። የስልክ ገመዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የሳፋሪኮም ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ማንሣት የጽዳት አስተዳደር፣ የተሽከርካሪ ማቆሚያ ሥርዓት የትራፊክ ማኔጅመንት፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚዘረጋውን ሸቀጥ መቈጣጠር የደንብ ማስከበር ሥራ ነው። በሱቁ ውስጥ ያለው ፈቃድ የንግድ ቢሮን፣ ግብሩ የገቢዎች ቢሮን ይመለከታል። ይህ ሁሉ በአንድ ባለሱቅ አሥር ክንድ በማይሞላ ደጃፍ ላይ የሚገናኝ ነው።

ይህ ክፍፍል እንዲያው በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የማዘጋጃ ቤቶችን ሥልጣንና ተግባር የወሰነው አዋጅ ቁጥር 74 በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የከተማው ጉዳይ በአብዛኛው የሚታየው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ በ1939 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የነጋዴውን አቤቱታ ይዞ የሚሄድበት የታወቀ በር ነበረው። በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ የተሠራውና በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የዚያ ዘመን አሠራር ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን አንድ ቤት ለሁሉም ሥራ ሊበቃ አልቻለም። በ1963 ዓ.ም. የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የመንገዶች ባለሥልጣን ራሳቸውን ችለው ተቋቋሙ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ከተማውን በክፍለ ከተማና በቀበሌ ከፋፍሎ አደራጀ፤ ቀበሌውም ከጊዜ በኋላ ለወረዳ ቦታውን ለቀቀ።

ሥራ መከፋፈሉ በራሱ ጥፋት አይደለም። ቧንቧ የሚያውቅ ቧንቧውን፣ አስፋልት የሚያውቅ አስፋልቱን ቢይዝ ሥራው ይሠምራል። ችግሩ የሚነሣው የአንዱ ሥራ አልቆ የሌላው በሚጀምርበት ወሰን ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ያነጠፈውን አስፋልት ሌላው ለቧንቧ ቢቆፍረውና ጉድጓዱን በአፈር ብቻ ደፍኖ ቢሄድ፣ ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ ተዳፋት ደለል ይዞ የሚወርደው ጐርፍ ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ መደብሩ ይገባል። ያን ጊዜ ቦዩን የሠራው የጽዳቱን፣ ጽዳቱ የቆፋሪውን ስም ይጠራል። በመካከሉ ስኳሩና ዱቄቱ የረጠበበት ነጋዴ ብቻውን ይቀራል።

በወሰን ላይ የሚወድቅ ኃላፊነት ከሸቀጥ የከበደ ዋጋም ሊያስከፍል ይችላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ የመተላለፊያው ጥበት ለእሳት አጥፊ ተሽከርካሪዎች እንቅፋት መሆኑ ተነግሯል። እሳት ማጥፋት የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ሥራ ነው፤ መተላለፊያውን ክፍት ማድረግ ግን የግንባታ ፈቃድ ሰጪውም፣ የደንብ አስከባሪውም፣ ዕቃውን ወደ መንገድ የሚያወጣው የነጋዴው የራሱም ሥራ ነው።

በአንጻሩ መሥሪያ ቤቶች ሊተባበሩ እንደሚችሉ የታየባቸው አብነቶች አሉ። የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ለብዙ ዓመታት ከውሃ ሒሳብ ጋር ተዳብሎ ሲሰበሰብ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም መንገድ፣ ቧንቧ፣ መብራትና የስልክ መስመር በአንድነት ታቅደው ሲሠሩ ታይቷል። እርግጥ ነው፣ በዚሁ ሥራ ከነባር ቦታቸው የተነሡ ነጋዴዎች ደንበኛቸውን እንደ አዲስ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ይህም ቀላል ጉዳት አይደለም። ሆኖም ገንዘብ ለመሰብሰብና ታላላቅ ጎዳናዎችን ለመሥራት መተባበር ከተቻለ፣ በወሰንና በኮተቤ የውስጥ መንገዶች ለሚቈፈረው ትንሽ ጉድጓድም መተባበር የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ከመሥሪያ ቤቶቹ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ለአካባቢው ነጋዴዎች በጽሑፍ ይነገር፤ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ይታወቅ፤ ጉድጓዱን ደፍኖ አስፋልቱን የሚመልሰው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። ይህ ሲሆን ባለሱቁ ዕቃ የሚያስገባበትን ቀን ያመቻቻል፤ ጅምላ አከፋፋዩም መኪናውን በሌላ መንገድ ይልካል።

ነጋዴውም በበኩሉ ሊያደርገው የሚገባ አለ። በመጀመሪያ የከተማውን ጉዳይ ከፌዴራሉ ይለይ። አስመጪዎችና ላኪዎች ጉምሩክን በሚመለከት ወደ ጉምሩክ ኮሚሽን፣ የውጭ ንግድን በሚመለከት ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይሄዳሉ እንጂ ወረዳው አይፈታላቸውም። በሁለተኛ ደረጃ ፋይሉ የት እንዳለ ይወቅ። በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ ሱቃቸው ከነበረበት ሳይነቃነቅ ክፍለ ከተማቸው የተለወጠባቸው ብዙዎች ናቸው። ይህን ሳያጣራ ፈቃድ ለማደስ ሐምሌ ላይ የሚሰለፍ ሰው ቀኑን በከንቱ ያባክናል። በሦስተኛ ደረጃ አቤቱታ በቃል ብቻ አይቅረብ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይያዝለት፣ ቅጂውም በመደብሩ ይቀመጥ። በአራተኛ ደረጃ የመንገዱ ነጋዴዎች በአንድነት ያመልክቱ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የአንድ ሱቅ ደብዳቤ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል፤ የአንድ መንገድ ነጋዴዎች ሁሉ ፈርመው በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል ያቀረቡት ግን መልስ ሳያገኝ ለመቅረት ይከብደዋል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ቦዮች እንዲጠረጉና ጉድጓዶች እንዲደፈኑ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው። ጐርፉ ከእንጦጦ ሲወርድ የየትኛው መሥሪያ ቤት ወሰን እንደሆነ አይጠይቅምና፣ ጠይቆ መልሱን አስቀድሞ መያዝ የነጋዴው ተግባር ነው።