የግንባታ ሠራተኞችን ከአካል ጉዳት ለመታደግ ሥራን ከሰው አቅም ጋር ማጣጣም

በአገሪቱ ከተሞች በሚካሄዱ የሕንፃ፣ የመንገድና የቤቶች ግንባታዎች አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በሰው ጉልበት ነው። ሲሚንቶ ከመኪና የሚወርደው በትከሻ፣ አሸዋና ጠጠር የሚዛቀው በአካፋ፣ የተቦካው ኮንክሪት ወደ ላይኛው ወለል የሚወጣውም በብዙ ቦታ በባሬላና በባልዲ ነው። ዘርፉ ለበርካታ ዜጎች የሥራ ዕድል መፍጠሩ እሙን ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በሠራተኞቹ ወገብ፣ ትከሻና ጉልበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚገባውን ያህል ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል።

ሠራተኛ ከፎቅ ሲወድቅ ወይም ግንብ ሲናድበት አደጋው ወዲያውኑ ይታያል፤ ምርመራም ይካሄድበታል። በከባድ ሸክም፣ በማጎንበስና አንድን እንቅስቃሴ በመደጋገም የሚመጣው ጉዳት ግን በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው። የቀን ሠራተኛው ከአንዱ ግንባታ ወደ ሌላው ስለሚዘዋወር ሕመሙ በሚጸናበት ወቅት የቀድሞ አሠሪው አጠገቡ የለም። በመሆኑም ሠራተኛው ሥራውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ጉዳቱም በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.አ.አ በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ ሰዎችን ከሥራና ከዕለት ተዕለት ኑሮ ከሚያሰናክሉ የጤና ችግሮች ቀዳሚው መሆኑንም ድርጅቱ ያመለክታል።

ይህን ዓይነቱን ጉዳት ለመከላከል የሚያገለግለው የዕውቀት ዘርፍ ኤርጎኖሚክስ በመባል ይታወቃል። ቃሉ ሥራና ሕግ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ አንድ ፖላንዳዊ ምሁር እ.አ.አ በ1857 እንደተጠቀመበት ይነገራል። የዘርፉ መሠረታዊ መርህ ሰውን ለሥራው ከማስገደድ ይልቅ ሥራውን፣ መሣሪያውንና የሥራ ቦታውን ከሰው የአካል አቅም ጋር ማጣጣም ነው።

የጉዳቱ መንስኤ የሸክሙ ክብደት ብቻ አይደለም። ሸክሙ ከሰውነት ያለው ርቀት፣ የሚነሳበት ከፍታ፣ በሚነሳበት ጊዜ የወገብ መጠምዘዝ፣ የድግግሞሹ መጠንና ለእጅ መያዣ ያለው ምቹነት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ብሔራዊ ተቋም እ.አ.አ በ1991 ባሻሻለው የስሌት ዘዴ መሠረት፣ እነዚህ ሁኔታዎች በሙሉ ምቹ ሲሆኑ እንዲነሳ የሚመከረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ግራም ነው። ሸክሙ በወገብ ከፍታ አካባቢ መሆኑ ቀርቶ ከመሬት የሚነሳ ከሆነ መጠኑ ወደ 18 ኪሎ ግራም ገደማ ዝቅ ይላል። ሸክሙን የያዙት እጆች ከሰውነት በ50 ሴንቲ ሜትር ከራቁ ደግሞ 23 ኪሎ ግራሙ በግማሽ ይቀንሳል።

በአገሪቱ በስፋት የሚሠራበት የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን በመሆኑ ከዚህ መጠን ከእጥፍ በላይ ነው። 400 ኩንታል ሲሚንቶ የጫነ መኪና በስምንት ሠራተኞች ይራገፍ ቢባል እያንዳንዱ ሠራተኛ 100 ከረጢት፣ ማለትም 50 ኩንታል ይሸከማል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.አ.አ በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ ወደዚሁ መጠን በፍጥነት ዝቅ እንዲል ጠይቋል። ለሴቶች የሚፈቀደው ከወንዶች በእጅጉ ያነሰ እንዲሆንም አሳስቧል። 55 ኪሎ ግራም የሚለው አኃዝ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ እንጂ ቀኑን ሙሉ ቢሸከሙት ጉዳት የማያስከትል መጠን ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ከባድ ሸክም በሌለበት የሥራ ዓይነትም ጉዳት ይደርሳል። ፌሮ የሚያስሩ ሠራተኞች ሶሌታ ላይ ለሰዓታት አጎንብሰው ሽቦ ይጠመዝዛሉ። የኮብልስቶን ጠራቢዎች መሬት ላይ ተቀምጠው መዶሻቸውን በአንድ ክንድ ደጋግመው ያሳርፋሉ። ጣሪያ የሚለስኑ ሠራተኞች አንገታቸውን ወደ ኋላ አዘንብለው እጃቸውን ከትከሻ በላይ ዘርግተው ይውላሉ። የኮንክሪት ቫይብሬተርና የመቆፈሪያ መሣሪያ የሚይዙት ደግሞ በንዝረቱ ሳቢያ የጣቶቻቸው የደም ሥሮችና ነርቮች ሊጎዱ ይችላሉ።

መፍትሔዎቹ በአመዛኙ ውስብስብ ቴክኖሎጂ የሚጠይቁ አይደሉም። ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና ብረት ሥራ ላይ ከሚውሉበት ቦታ አጠገብ እንዲራገፉ አስቀድሞ ማቀድ የሸክሙን ርቀት ያሳጥራል። ዕቃውን መሬት ላይ ከመከመር ይልቅ በወገብ ከፍታ አካባቢ ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ማጎንበስን ይቀንሳል። ፌሮ የሚቆረጥበትና የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ ከግንቡ ጋር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ መጠቀም፣ ለእጅ ጋሪ የተስተካከለ መተላለፊያ ማበጀት፣ ወደ ፎቅ የሚወጣውን ዕቃ በዊንች ማንሳት፣ ሠራተኞችን በሥራ ዓይነት ማፈራረቅና አጫጭር ዕረፍት መስጠት ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። እንደ ብሪታንያና ጀርመን ባሉ አገሮች የተለመደው የሲሚንቶ ከረጢት 25 ኪሎ ግራም መሆኑም በአምራቾች ደረጃ ሊወሰድ የሚችለውን እርምጃ ያሳያል።

በአንጻሩ በተለምዶ መፍትሔ ተደርጎ የሚቆጠረው የወገብ ቀበቶ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት ስለመከላከሉ በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘ ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ተቋም እ.አ.አ በ1994 አስታውቋል። የአነሳስ ዘዴን ማስተማርም ብቻውን ውጤት አያመጣም። ለሠራተኛው ጉልበቱን አጥፎ እንዲያነሳ እየነገሩ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ከመሬት እንዲያነሳ ማድረግ ችግሩን ከሥራው አደረጃጀት ወደ ሠራተኛው ማዛወር ነው።

በሕግ ረገድ መሠረቱ ተጥሏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92፣ የሥራው ሂደት ለሠራተኞች ጤንነትና ደኅንነት የአካላዊ፣ የኬሚካላዊና የባዮሎጂያዊ ብቻ ሳይሆን የኤርጎኖሚክስና የሥነ ልቦናዊ ጠንቆችም ምንጭ እንዳይሆን አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶችንና በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅም በዚሁ አንቀጽ ተደንግጓል። ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችውም እ.አ.አ በ1991 ነው።

ሕጉ በግንባታ ቦታ ላይ ሥራ ላይ መዋሉ ግን በዋናነት ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በሚደረጉ ውሳኔዎች ላይ የተመሠረተ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የግንባታ አሠሪ በሚሆኑበት ጊዜ ዊንች፣ ደረጃውን የጠበቀ መወጣጫና የዕቃ ማከማቻ በጨረታ ሰነዱ ላይ ራሱን የቻለ የዋጋ ዝርዝር ካልተሰጣቸው፣ ለሠራተኞቹ ደኅንነት ወጪ የሚያደርግ ሥራ ተቋራጭ ወጪውን ከሚያስቀር ተወዳዳሪ ጋር እኩል መፎካከር አይችልም። ወጪው በሁሉም ተጫራቾች ላይ በእኩል ሲጣል ግን ዝቅተኛ ዋጋ ማቅረብ የሠራተኛን አካል በመጉዳት የሚገኝ ጥቅም መሆኑ ያበቃል።

እነዚህ እርምጃዎች የሰው ጉልበትን በማሽን በመተካት ሥራ አጥነትን ያባብሳሉ የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። ሆኖም ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ሠራተኛውን ከሥራ የሚያስወጡ ሳይሆኑ በሥራው ላይ ለረጅም ዓመታት እንዲቆይ የሚያስችሉ ናቸው። ልምድ ያካበተ ግንበኛ ወይም ፌሮ ሠራተኛ በወገብ ሕመም ምክንያት ሙያውን ሲተው ጉዳቱ የእርሱና የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የዘርፉም ጭምር ነው።

በመሆኑም የዲዛይን ባለሙያዎች የዕቃ ማጓጓዣ መንገድን በዕቅዳቸው ውስጥ ማካተት፣ የግዥ ሠራተኞች የደኅንነት ወጪን በጨረታ ሰነድ ላይ ለይተው ማስቀመጥ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች የኮንክሪቱን ጥራት በሚመረምሩበት ጥንቃቄ የሠራተኛውን የሥራ ሁኔታ መመልከት ይጠበቅባቸዋል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም የመውደቅ አደጋን ብቻ ሳይሆን የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመምን በመጠየቅና በመመዝገብ፣ እስከዛሬ ከመዝገብ ውጪ የቆየው ጉዳት ይፋ እንዲሆንና የሕጉ ድንጋጌ ተግባራዊ እንዲደረግ የበኩላቸውን ድርሻ መወጣት ይኖርባቸዋል።