የግንብ ድካም፦ ስለ ጎንደር አብያተ መንግሥት ስንጥቅ

በጎንደር ገበያ አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ጨርቁን በክንድ ለክቶ ካበቃ በኋላ ከዳር እስከ ዳር በመቀስ ሲቆርጥ አይውልም፤ ጠርዙን በመቀሱ ጫፍ ጥቂት ይነክስና በሁለት እጁ ይዞ ሲስበው ጨርቁ እየተንጣጣ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። ጠርዙ ሳይነካ ቢሆን ሁለት ጎልማሶች ቢጎትቱትም ባልተበገረ ነበር፤ ዳሩ ግን በጨርቁ ሁሉ ተዘርግቶ የነበረው ውጥረት በዚያች ንክሻ ጫፍ ላይ ስለ ተሰበሰበ፣ ያሸነፈው የሳቢው ጉልበት ሳይሆን የንክሻዋ ሹልነት ነው። ነጋዴው ከአባቱ የለመደውን ይህን ነገር እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በመስተዋት ላይ መርምሮ በሒሳብ ገለጠው፤ ይኸውም ስንጥቅ የሚያድገው፣ ሲከፈት የሚለቀቀው የታመቀ ኃይል አዲሱን ገጽ ለመፍጠር ከሚጠይቀው ኃይል ሲበልጥ ነው የሚል ነው።

ይህን ትምህርት ይዞ ወደ ፋሲል ግቢ የገባ ሰው፣ ግንቡን ከጎብኚ ዓይን በተለየ ዓይን ያየዋል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በጎንደር ካጸኑ ወዲህ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው፣ ከአፄ ዮሐንስ ጻድቁ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ፣ በየዘመነ መንግሥታቸው ያነጿቸው ሕንፃዎች 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር ተከብበው ይገኛሉ፤ ዩኔስኮም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ማያያዣው ኖራ ነው፤ እነዚህም ሁለቱ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ድንጋይ ከላይ የተጫነውን ሸክም በትዕግሥት ይሸከማል፣ ሲሳብ ግን ቶሎ ይከዳል፤ ስለዚህ የጥንቱ ግንበኛ በርና መስኮቱን በቅስት፣ ማዕዘኑን በክብ ማማ ሲያበጅ፣ ድንጋዩ ሁልጊዜ እንዲጫን እንጂ እንዳይሳብ መላ መምታቱ ነበር።

መላው ሲፈርስ ምን እንደሚሆን የአፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ቤተ መንግሥት ምስክር ነው። የላይኛው ፎቅ ጣሪያ በድንጋይ ቅስት የተደፈነ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጣሪያ ክብደቱን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚገፋ፣ ግድግዳዎቹ ጥቂት ዘመም ቢሉ ቅስቱ በወገቡ ይከፈታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1704 የሆነው የምድር መናወጥ ጎዳው፤ ከሁለት ምዕት ዓመታት በላይ ቆይቶም ጎንደር ኅዳር 1934 ዓ.ም. ከፋሽስት እጅ እስክትወጣ ድረስ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ደገመው። ከዚያ በኋላ ከአዳራሹ ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው ያየው ሰማዩን ነበር።

ሆኖም ግንብ ሁሉ በመናወጥና በቦምብ አይሞትም፤ የሚበዛው የሚደክመው ድምፅ ሳያሰማ ነው። በደጋው አገር መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲወርድ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ስምንት ሆነው ቢሸከሙ እያንዳንዱ ስምንተኛውን እጅ ይይዛል፤ አንዱ ደክሞ ቢወጣ ሰባተኛው እጅ ይደርሰዋል፤ አራቱ በቀሩ ጊዜ የእያንዳንዱ ሸክም እጥፍ ሆኗልና የኋለኛው ድካም ከፊተኛው ይፈጥናል። ሩሲያዊው ሊቅ ካቻኖቭ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ የአንድን ቁስ ጤንነት ደኅና ሲሆን አንድ፣ ሲሰበር ዜሮ በሚባል ቍጥር ለክቶ፣ የቀረው ጤነኛ ክፍል ብቻ ሸክሙን እንደሚይዝ ቈጥሮ፣ የሚሰበርበትን ጊዜ ማስላት። በጎንደር ግንብ ከቃሬዛው ሥር ቀድሞ የሚወጣው ኖራው ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ያጥበዋል፣ የበጋው ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ ያፈረፍረዋል፣ በተከፈተውም ቦታ የዛፍ ሥር ይገባል፤ በፋሲል መዋኛ ቅጥር ድንጋዩን እንደ ጣት የጨበጡት ሥሮች ለፎቶግራፍ ያማሩ ቢሆኑም ለግንቡ ዕዳ ናቸው።

ከዚህ ላይ የደግ አሳቢ ስሕተት ይመጣል። ኖራ ደካማ ነው፣ ሲሚንቶ ብርቱ ነው፤ እንግዲያስ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ይሻላል ተባለ፤ በጣሊያን ዘመንና ከዚያም በኋላ ሲሚንቶ በነዚህ ግንቦች ላይ ውሏል፤ የኋላ ኋላ የጥገና ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ምክንያቱም ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ግንቡ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ውሃውንም በቀዳዳው ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን አይታጠፍም፣ እርጥበቱንም ዘግቶ ወደ ድንጋዩ ይመልሰዋል፤ ከውሃው ጋር የሄደው ጨው በድንጋዩ ቆዳ ሥር ሲደርቅ እያበጠ ገጹን ይልጠዋል። ኖራ ቢሰበር በሌላ ኖራ ይተካል፤ የፋሲል ዘመን ጠራቢ የጠረበው ድንጋይ ግን ምትክ የለውም። እንግዲህ ድካም በስፍራው ሲሆን በረከት ነው፤ ኖራው የተቀመጠው ለድንጋዩ ቤዛ ሊሆን ነው።

ዛሬ መሐንዲሶች አንድን ግንብ በኮምፒውተር ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ቁራጮች ከፋፍለው፣ ለድንጋዩ፣ ለኖራውና ለሁለቱ መጋጠሚያ የየራሱን ጠባይ ሰጥተው፣ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ያያሉ። ነገር ግን ስሌቱ የሚታመነው ከግንቡ በተለካ ቍጥር ሲመገብ ነው፤ መለኪያውም ሁልጊዜ ውድ አይደለም። በስንጥቁ አግድም ስስ የመስተዋት ቁራጭ በሁለት ጫፉ አጣብቆ፣ ቀኑን በጎኑ ጽፎ መተው የቆየ ጥበብ ነው፤ መስተዋቱ ዓመት ቆይቶ ደኅና ከሆነ ስንጥቁ ተኝቷል፣ ከተሰበረ ግን ሕያው ነውና ሐኪም ይፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት የተካሄደው ሰፊ እድሳት ለአብያተ መንግሥቱ አዲስ ገጽ ሰጥቷል፤ ደስ የሚያሰኝም ነው። ልስን ግን እንደ ልብስ ነው፣ ያለብሳል እንጂ አይፈውስም። የነገሥታቱን ታሪከ ነገሥት ቀን በቀን የሚጽፉ ጸሐፍያነ ትእዛዛት ለነበሩባት ከተማ፣ ለየግንቡ አንድ የስንጥቅ መዝገብ መክፈት፣ የከተማዋም ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች በየክረምቱ መግቢያና መውጫ እየለኩ እንዲሞሉት ማድረግ የሚከብድ ሥራ አይሆንም። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ይጀመር።