ያውቁ ኖሯል? የድሃ ሰፈር ልጅ በወንጀል ፊልም

በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ጫማ እየጠረገና ዕቃ እየተሸከመ የሚያድገውን ብላቴና አይቶ የሚያልፍ ሰው፣ የእንዲህ ያለው ልጅ ዕጣ በዓለም ሲኒማ ምን ያህል እንደ ተተረከ ያውቅ ኖሯል?

◆ በአዲስ አበባ ከሴተኛ አዳሪዎች ጋር በጉርብትና ያደጉት፣ እነርሱንም እንደ ሰው፣ እንደ ወዳጅና እንደ እናት ያወቋቸው ዳይሬክተር ሄርሞን ኃይላይ፣ «ፕራይስ ኦቭ ላቭ» በተባለው ፊልማቸው የሴተኛ አዳሪ ልጅ የሆነውን ባለታክሲ ቴዲን ያሳዩናል፤ እርሱም በአንድ ካህን ተግሣጽ ከጫትና ከመጠጥ ከተላቀቀ በኋላ፣ አንዲትን ሴት ወደ ዐረብ አገር ሊሸጣት በሚሻው የቀድሞ ወዳጇና በእርሷ ጠብ መካከል ገብቶ፣ እንጀራው የሆነችውን ታክሲ ይሰረቃል።

◆ ይኸው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በዋጋዱጉ በተደረገው የፌስፓኮ የፊልም በዓል የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት ተቀብሎ፣ በዚያው ዓመት በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል።

◆ ፈርናንዶ ሜሬሌስ ከካቲያ ሉንድ ጋር ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የብራዚል ፊልም «የእግዚአብሔር ከተማ»፣ ስሙ መንፈሳዊ፣ ግብሩ ግን ደም ማፍሰስ የሆነበትን የሪዮ ዴ ጃኔሮ ሰፈር የሚተርክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው የፓውሎ ሊንስ ልቦለድ ተወስዶ፣ ተዋናዮቹም አብዛኞቹ ከከተማይቱ ድሃ ሰፈሮች የተመለመሉ ወጣቶች ሆነው፣ ለ4 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቷል።

◆ በሁለቱም ፊልሞች ለወጣቱ የመዳን መንገድ አልተነፈገውም፤ ሆኖም በብራዚሉ ፊልም ወጣቱን ከሽፍቶች ማኅበር የሚለየው የፎቶግራፍ ካሜራ ሲሆን፣ የአዲስ አበባውን የሚያቀናው የካህን ምክር ነው።