የላውንደሪ ማሽን ከመቆሙ በፊት

የሆቴል ላውንደሪ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ስለሆነ እንግዳ አያየውም። ማሽኑ የቆመ ዕለት ግን ወሬው ፎቅ ለመውጣት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ክፍሉ ተጠርጎ አንሶላ ይጠፋል፣ ሬስቶራንቱ የጠረጴዛ ልብስ ይጠይቃል፣ የቆሸሸው ክምር በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ላውንደሪ ይሄዳል። መለዋወጫው ከውጭ የሚታዘዝ ከሆነማ ነገሩ የሳምንታት ጉዳይ ነው። የሚያስቆጨው፣ ብዙው ብልሽት ድንገተኛ አለመሆኑ ነው፤ ማሽኑ አስቀድሞ ምልክት ሰጥቷል። ቅድመ ጥገና የሚባለው ያንን ምልክት በጊዜው አይቶ እርምጃ መውሰድ ነው።

የሆቴልና የሆስፒታል ማጠቢያ ማሽን ከቤቱ የሚለየው በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት እንዲሠራ የታሰበ ነው። ዋናው አካሉ ዙሪያውን የተበሳሳ የማይዝግ ብረት ከበሮ ሲሆን፣ አጥቦ ሲጨርስ በኃይል ተሽከርክሮ ውሃውን ይጨምቃል። ፈጣን በሚባሉት ማሽኖች ይህ ኃይል የመሬትን ስበት 300 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ 1 ኪሎ አንሶላ በከበሮው ግድግዳ ላይ 300 ኪሎ ሆኖ ይጫናል ማለት ነው። ልብሱ ተጠቅልሎ በአንድ ወገን ከቀረ፣ ያ ጫና እየዞረ ዘንጉንና ኩሽኔታውን ይደበድባል። ስለዚህ በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ማለፍም፣ ሁለት ሦስት ከባድ ፎጣ ብቻ ከትቶ ማሽከርከርም ያው ጉዳት ነው።

ዘንጉ የሚዞረው ከከበሮው ኋላ ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ውሃ ወደ እነሱ እንዳያልፍ የሚከላከል ጎማ አለ። በብዙ ማሽኖች በጎማውና በኩሽኔታው መካከል አንዲት ትንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳ ትኖራለች። ጎማው ሲያረጅ ውሃው መጀመሪያ የሚንጠባጠበው በእሷ በኩል ነው፤ በማሽኑ ጀርባ ላይም ዝገት የመሰለ ቀጭን መስመር ጥሎ ይወርዳል። ጀርባውን በባትሪ የሚያይ ሠራተኛ ይህችን መስመር አያጣትም። ካልታየች ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ግሪሱ ይታጠባል፣ ማሽኑ በጭመቃ ሰዓት እንደ ወፍጮ መጮህ ይጀምራል። ያኔ ከበሮውን ማውረድ ግድ ነው፤ ዘንጉም ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ግሪስ ማብዛትም መፍትሔ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ግሪስ ጎማውን ገፍቶ ያበላሻል።

ሞተሩን ከከበሮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋም የራሱ ቋንቋ አለው። ሲላላ ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ጥቁር ዱቄት ያራግፋል፤ ከልክ በላይ ሲወጠር ደግሞ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። አዲስ ቺንጋ በሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚለጠጥ ውጥረቱ እንደገና መታየት አለበት። የላላ ቺንጋ ጉዳት በመብራት ሂሳብም ይወጣል። 1 ኪሎ ውሃ ለማትነን በትንሹ 0.63 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። ከበሮው ፍጥነት አጥቶ ልብሱ 10 ኪሎ ትርፍ ውሃ ይዞ ከወጣ፣ ማድረቂያው በየዙሩ ከ6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያለ ጥቅም ይበላል።

መብራት በሚመላለስበት አገር የማፍሰሻው ቫልቭ ልዩ ትኩረት ይሻል። በአብዛኞቹ ትልልቅ ማሽኖች ይህ ቫልቭ ተዘግቶ የሚቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነው። መብራት ሲጠፋ ይከፈትና የሞቀው ውሃ ከነሳሙናው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ቫልቩ ክር ወይም ቁልፍ ነክሶ በደንብ ካልገጠመ ውሃው ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ማሽኑም ይሞላል፣ ያሞቃል፣ እንደገና ይሞላል። የውሃ ሂሳቡ ያለ ምክንያት ሲንር መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ሞተሩ ደግሞ አንድ ፌዝ ሲቀር ወይም ኃይሉ ሲዋዥቅ የሚያጠፋው መከላከያ ቢኖረው ከመቃጠል ይድናል።

ሙቀቱም እንዲሁ በግምት አይታለፍም። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ሙቀት ወደ ውሃው ለመድረስ ይዘገያል፣ ማሞቂያውም ራሱን ያቃጥላል። የሙቀት መለኪያው ከተሳሳተ ደግሞ ማንም ሳያውቅ ልብሱ ንጹሕ መስሎ ይወጣል። በእንግሊዝ የጤና ተቋማት መመሪያ መሠረት የሆስፒታል ልብስ በ65 ዲግሪ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ወይም በ71 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ጥቂት ዲግሪ የሚዋሽ መለኪያ ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፋብሪካው 95 ዲግሪ ብሎ የሞላው ፕሮግራም እዚህ ግቡን ስለማይመታ፣ ማስተካከሉ የገጠማው ቀን ሥራ ነው።

ማድረቂያው ከሁሉም ይልቅ አደገኛው ነው። ከልብሱ የሚወጣው ብናኝ ደረቅና በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ማጣሪያው በየቀኑ፣ ሥራ ሲበዛም በየጥቂት ዙሩ መጠረግ አለበት፤ ጭስ ማውጫ ቱቦው ደግሞ በየጊዜው ተፈቶ መጽዳት ይኖርበታል። ቀድሞ በ35 ደቂቃ የሚደርቀው ፎጣ 50 ደቂቃ ከፈጀ አየሩ የሆነ ቦታ ታፍኗል ማለት ነው። የወጥ ቤት ጨርቅና የማሳጅ ፎጣ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ጨርቁ እንደ ኑግ ያለ ዘይት በደንብ ሳይለቀው ደርቆ ትኩሱን ከተከመረ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ራሱን ያሞቃል፤ ክብሪት ሳይነካው ሌሊት ሊነድም ይችላል። በመጨረሻ ያለው የማቀዝቀዣ ደቂቃ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የማይቆረጠው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ብዙ ሥራ አይደለም። በየቀኑ ማጣሪያ መጥረግ፣ የበሩን ጎማ መጥረግና የሳሙና ማስገቢያውን ማጠብ። በየሳምንቱ ከጀርባ ፍሳሽ ማየት፣ ቱቦዎችን መዳሰስ። በየወሩ ቺንጋና የመሠረት ብሎን መፈተሽ፣ ፋብሪካው ባዘዘው መጠን ግሪስ መጨመር። ፓነል ከመከፈቱ በፊት ብሬከሩ ወርዶ ይቆለፋል፤ ቁልፉም እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይሆናል።

የቴክኒሽያኑ ዕውቀት አስፈላጊ ቢሆንም እሱ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። የማሽኑን ድምፅ በየዙሩ የሚሰማው፣ ፎጣው ርጥብ መሆኑን በእጁ የሚያውቀው አጣቢው ነው። ስለዚህ ቀን፣ ማሽን፣ የታየ ነገርና የተደረገ ነገር የሚጻፍበት አንድ ደብተር ከማሽኑ አጠገብ ይሰቀል፤ «ዛሬ ጭመቃው ላይ ድምፅ ቀይሯል» ብሎ ለጻፈ ሠራተኛም ኃላፊው በዚያው ቀን መልስ ይስጠው። መልስ ያላገኘ ሠራተኛ ሁለተኛ አይጽፍም፤ ከዚያ በኋላ ብልሽቱን የሚናገረው የቆመው ማሽን ራሱ ነው።