የቃላት ዝምድናና የመኸር ግሦች

በአማርኛ ትምህርት ውስጥ «ቃላቱን ከተመሳሳዮቻቸው ጋር አዛምዱ» የሚለው መልመጃ ዕድሜ የጠገበ፣ ለአራሚም የሚቀል ነው። መልመጃው ቃላትን ሁለት ሁለት እያደረገ ያጣምራል፤ አንዱም በሌላው ቦታ እንደ ልብ የሚተካ ያስመስላል። ይሁን እንጂ ቃላት በአገልግሎት ላይ ሲታዩ እንዲህ ያለ ፍጹም መተካካት እምብዛም አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችውን አጣዬን ብንወስድ፣ ዙሪያዋ የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ አገር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት «ምርት ሰበሰበ» ብለው በአንድ ሐረግ የሚያልፉትን ሥራ ገበሬው በአንድ ግሥ አይጠራውም። ጤፍ ይታጨዳል፤ ማሽላ ይቆረጣል፤ ሽምብራ ይነቀላል፤ በርበሬ ይለቀማል፤ ድንች ይቆፈራል። ማር እንኳ ከቀፎ ሲወጣ «ተቆረጠ» ይባላል። ከአውድማ ሲደረስም ጤፉ ይወቃል፣ በቆሎው ግን ይፈለፈላል። ግሡን የሚመርጠው የሰብሉ ጠባይና የእጁ ሥራ ነው። «ድንች ታጨደ» ቢባል ሰዋስዉ አይጎድልም፤ ሰሚው ግን ይስቃል።

እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ (1890–1960 እ.ኤ.አ.) የአንድ ቃል ፍቺ አብረውት ከሚውሉት ቃላት ጭምር እንደሚታወቅ ያስተማረው ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

ከዚህ ላይ «ሰበሰበ» ጠቅላይ ቃል ነው፤ «አጨደ»፣ «ነቀለ» እና «ለቀመ» በሥሩ የሚያድሩ ዝርዝሮች ናቸው። እርስ በርሳቸው ተመሳሳይም ተቃራኒም አይደሉም፤ እንደ ወንድማማች ናቸው ቢባል ይቀላል። ለዚህ ዓይነቱ ዝምድና የጥንድ መልመጃው ቦታ የለውም። መዝገበ ቃላትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ከአንድ ሥር የወጡትን ቃላት ባንድነት ስለሚይዝ «ዐጨደ» እና «ማጭድ» ይገናኛሉ፤ «ቈረጠ» ግን ከእነርሱ ርቆ በሌላ ፊደል ይገኛል።

ተቃራኒም ቢሆን እንደ ጓደኛው ይለዋወጣል። የደረቅ እንጨት ተቃራኒ እርጥብ እንጨት ነው፤ የደረቅ እንጀራ ተቃራኒ ግን ወጥ ያለው እንጀራ ነው፤ የደረቀች ላም ተቃራኒም የምትታለበዋ ናት። «ደረቅ» ከነተቃራኒው «እርጥብ» በሰንጠረዥ ተጽፎ ሲሰጠው ተማሪው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ተማረ ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚታየው በእርማት ጊዜ ነው። በማሽላ አገር ያደገ ልጅ ለ«አጨደ» «ቆረጠ» ብሎ ቢጽፍና የመልሱ ቁልፍ «ሰበሰበ» ቢል፣ ልጁ ቋንቋውን ስላወቀ ነጥብ ያጣል። በይፋት ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና አርጎብኛም ስለሚነገሩ፣ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማረው ልጅ ደግሞ የተሰጠውን ጥንድ እንዳለ ይዞ «ድንች አጨድን» ሊል ይችላል። የፊተኛው ሳያጠፋ ይቀጣል፤ የኋለኛው ሲያጠፋ የሚያርመው ሕግ አልተሰጠውም።

ስለዚህ ለመርሐ ትምህርት አዘጋጆች የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። መልመጃው ግሡን ከነባለቤቱ ወይም ከነተሳቢው ይስጥ፤ የሰብሎቹ ስም ተጽፎ ግሡ ለተማሪው ይተው፤ ቁልፉም ከአንድ በላይ መልስ ይቀበል። እርማቱ ጊዜ መውሰዱ አይቀርም፤ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። የሰብሉን ዝርዝር ግን መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ባንድ ክፍለ ጊዜ ሊያሰባስብ ይችላል፤ አጣዬ ላይ በማሽላ ቢጀምር፣ ደጋ ላይ ያለው ባልደረባው በገብስ ይጀምራል።